ዓይን ነው ያረጀው ወይስ የደም ሥር?

በሀገራችን ዕድሜው የገፋ ሰው «ዓይኔ ደከመ» ባለ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል!» የሚል ነው። እኛም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ የተለየ አስተያየት አልነበረንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የወጣን ብንሆንም፣ ስለ ዓይን ያለን ዕውቀት ከሰፈራችን ሽማግሌዎች ዕውቀት የማይበልጥ መሆኑን የተረዳነው አጎታችን ከአንድ ሳንቃ ጋር የተጣሉ ዕለት ነው።

አጎታችን የ68 ዓመት አናጢ ናቸው። አናጢ ሳንቃ ሲመርጥ አንዱን ጫፍ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ ሌላውን ዓይኑን ጨፍኖ በጠርዙ ላይ አሻግሮ ይመለከታል፤ እንጨቱ የጎበጠ እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቀዋል። አጎታችን ከአርባ ዓመት በላይ ይህን ሲያደርጉ የኖሩት በቀኝ ዓይናቸው ነበር። በዚያን ዕለት ግን ቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ሰጋቱራ ገብቶባቸው ስለ ነበር በግራው አዩ። ሳንቃው ከመካከሉ ላይ ሞገድ ያለበት መስሎ ታያቸው።

«ይህን ጠማማ እንጨት ከየት አመጣኸው?» ብለው ተለማማጁን ልጅ ተቆጡት።

«ጋሼ፣ ትናንት እርስዎ ራስዎ የመረጡት ነው እኮ፤ ቀጥ ያለ ነው» ብሎ ቢምልም አልሰሙትም። ሳንቃውን አሸክመው ወደ እንጨት መሸጫው ወሰዱት። ነጋዴው አልተከራከረም፤ ሳንቃውን በሲሚንቶው ወለል ላይ አጋደመና እጅብ ብሎ መተኛቱን አሳያቸው። አጎታችን ጥቂት ዝም ብለው ከቆሙ በኋላ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው የሱቁን በር አዩት። የበሩ መቃን ጎብጧል። መዳፋቸውን አነሡ፤ መቃኑ ቀጥ አለ።

ግራ ዓይናቸው እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው አያውቁም። ሁለቱ ዓይኖች እንደ ጥሩ ባልንጀሮች ናቸው፤ የአንደኛውን ጉድለት ሌላኛው ይሸፍንለታል። ከዚህም የተነሣ ሰው አንዱን ዓይኑን በአጋጣሚ እስኪጨፍን ድረስ የሌላውን መታመም ሳያውቅ ወራት ሊያሳልፍ ይችላል።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙ አናስረዝመውም። በመጀመሪያ መነጽር ቤት ተሄደና ከቀድሞው የጠነከረ መነጽር ተገዛ፤ አልጠቀመም። ከዚያም አንድ ጎረቤት «ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ እስኪበስል ይጠበቃል እንጂ አይቸኮልም» አሉ። በዚህ ዓይነት ሦስት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ እኛ ይዘናቸው ወደ ዓይን ሐኪም ቤት ሄድን።

ነርሷ ከሁሉ በፊት ያደረገችው ነገር የአጎታችንን እጅጌ ሰብስባ የደም ግፊት መለኪያውን በክንዳቸው ላይ ማሰር ነበር።

«ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ዓይኔ ነው፤ ክንዴን ለምን ታስሪዋለሽ?» አሏት።

«ዓይንዎም ቢሆን የሚጠጣው ከዚሁ ቧንቧ ነው፣ አባቴ» አለችና መሣሪያውን ነፋችው።

ቁጥሩ 186 በ104 ሆነ። አብዛኞቹ ሀገሮች ግፊት አለ የሚሉት ከ140 በ90 ጀምሮ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። አጎታችን ሲጠየቁ፣ ከአራት ዓመት በፊት የግፊት ክኒን ታዞላቸው እንደ ነበረና ለሦስት ወር ያህል ውጠው «ምንም የሚያመኝ ነገር የለም» በማለት እንደ ተዉት ተናገሩ። ከቤተ ሰቡ ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ምንም የሚያም ነገር አለመኖሩ ግን እውነት ነው፤ የደም ግፊት ክፋቱም ይኸው ነው።

ሐኪሟ ብሌናቸውን የሚከፍት ጠብታ አድርጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ካስጠበቀች በኋላ የዓይናቸውን የውስጥ ጀርባ ፎቶግራፍ አነሣች። ሥዕሉ በመስተዋቱ ላይ በወጣ ጊዜ እኛም እንድናይ ፈቀደችልን። ብርቱካንማ ቀለም ያለው ሜዳ ነው። በአንድ ወገን ክብ የሆነ ፈዛዛ ቢጫ ቦታ አለ፤ ከዚያም እንደ ዛፍ ሥር የሚዘረጉ ቀያይ መስመሮች ይወጣሉ፤ እነዚህ የደም ሥሮች ናቸው። በላይኛው ወገን ግን ሜዳው ሁሉ የእሳት ነበልባል በሚመስል ደም ተረጭቷል። ሐኪሟ በብዕሯ ጫፍ አንዲት ነጥብ አሳየችን፤ ሁለት የደም ሥሮች የሚተላለፉባት መስቀለኛ ናት። ደሙ የጀመረው ከዚያች መስቀለኛ ነው።

የብሌን ጥቁረት ምስጢር

የሰው ልጅ ይህን ሥዕል ማየት የጀመረው ከ1851 ወዲህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ከዚያ በፊት ብሌን ጥቁር ቀዳዳ ነበር፤ በስተ ጀርባው ምን እንዳለ በሕይወት ካለ ሰው ላይ ሊያውቅ የሚችል ሐኪም አልነበረም። በ1850 መጨረሻ ላይ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትስ የሚባለው ጀርመናዊ በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ሳለ፣ ብሌን ለምን ጥቁር ሆኖ እንደሚታይ ለተማሪዎቹ ለማስረዳት አሰበ። ነገሩን ሲመረምረው፣ ወደ ዓይን የገባ ብርሃን በመጣበት መንገድ ተመልሶ እንደሚወጣ፣ ተመልካቹም ያንን ብርሃን እንዳያይ የሚከለክለው የራሱ ጭንቅላት መሆኑን ተረዳ። መብራቱን ከጎን አድርጎ፣ ብርሃኑን በሰያፍ በቆመ መስተዋት ወደ ዓይን ቢልክና እርሱ በመስተዋቱ ውስጥ አሻግሮ ቢያይስ? ካርቶንና ማጣበቂያ፣ ጥቂት የመስተዋት ቅጠልና ሌንስ ይዞ ሠራው። በሚቀጥለውም ዓመት ስለ መሣሪያው የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ይህን ሲሠራ ዕድሜው 29 ዓመት ነበር፤ ከእኛ ብዙ የማይበልጥ መሆኑን ስናስብ ትንሽ ሳናፍር አልቀረንም።

የዚህ መሣሪያ ጥቅም በዓይን ሕክምና ብቻ አልተወሰነም። በሰው አካል ውስጥ ቆዳ ሳይቀደድ፣ ደም ሳይፈስ፣ የደም ሥሮችን በቀጥታ ለማየት የሚቻለው በዚህ ቦታ ነው። የኩላሊትን ወይም የአንጎልን ቀጫጭን የደም ሥሮች ለማየት የሚሻ ሐኪም እነርሱን ማየት ባይችል፣ ወንድሞቻቸውን በዓይን ውስጥ ሊያያቸው ይችላል። በ1939 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የሚሠሩ ኪት፣ ዋግነርና ባርከር የተባሉ ሐኪሞች ይህንኑ ሐሳብ በቁጥር አሳዩ። የደም ግፊት ያለባቸውን 219 ሰዎች ዓይን መርምረው፣ እንደ ደም ሥሮቻቸው ሁኔታ በአራት ክፍል ለዩአቸው። በዚያን ጊዜ ግፊትን የሚያወርድ ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ የአንደኛው ክፍል ሰዎች ከመቶው 70ው በሕይወት ሲገኙ፣ ከአራተኛው ክፍል ግን በሕይወት የተገኙት ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። ዓይን ውስጥ በታየው ነገር የሰውየው ዕድሜ ታወቀ ማለት ነው።

በቅርቡ ደግሞ ኮምፒዩተር ይህንኑ ሥራ ተማረ። የጉግል ኩባንያ ተመራማሪዎች በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ280 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች የሬቲና ፎቶግራፍ የሠለጠነ ኮምፒዩተር የሰውየውን ዕድሜ፣ የሚያጨስ መሆን አለመሆኑን፣ የደም ግፊቱንም ጭምር ከሥዕሉ ብቻ ለመገመት ችሏል። ከሥዕሉ ወንድ ወይም ሴት መሆኑንም ይለያል፤ ይህን ግን የትኛውም የዓይን ሐኪም በዓይኑ አይቶ ሊለየው የሚችል አይደለም።

ሁለቱ ምንጮች

አሁን ወደዚያች መስቀለኛ እንመለስ። ሬቲና የሚባለው የዓይን የውስጥ መጋረጃ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ አካባቢ የሚሆን ስስ ነገር ነው፤ ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልክ እርሱ ነው። ደም የሚያመጣለት ሥር ደም ቅዳ፣ የተጠቀመበትን የሚመልስለት ደም መልስ ይባላል። ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ ደም ቅዳና ደም መልስ በሚተላለፉበት ስፍራ ሁለቱ በአንድ ሽፋን ተጠቅልለው ያልፋሉ። ሰውየው ወጣት ሳለ ይህ ጉዳት የለውም። ዕድሜ ሲጨምርና ግፊት ሲበረታ ግን የደም ቅዳው ግድግዳ እየደደረና እየወፈረ ይሄዳል፤ ደም መልሱ ግን እንደ ስስነቱ ነው። ደንዳናው ስሱን ይጫነዋል። ደሙ ይዘገያል፤ በዘገየበትም ስፍራ ይረጋል። መውጫ ያጣው ደም ወደ ኋላ ተመልሶ ከቀጫጭኖቹ ሥሮች ይፈስሳል፤ ውሃውም በሬቲና ውስጥ ይጠራቀማል። አጎታችንን ያገኛቸው ይህ ነው። ሳንቃው የጎበጠባቸውም ወለሉ ባበጠ ቤት ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ መስመሩ እንደሚጎብጥ ማለት ነው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ያበጠው ሥሩ ያለው ወለል ነው።

እንግዲህ ይህኛው በሽታ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የደም ሥር በሽታ በዓይን ውስጥ ሲታይ ነው። በስኳር በሽታ የሚመጣውም የሬቲና ሕመም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ ሀገር በ1998 ውጤቱ የወጣው ትልቅ ጥናት፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት አንድ ላይ ያለባቸውን 1148 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ የአንደኛውን ክፍል ግፊት በአማካይ ወደ 144 በ82፣ የሌላውን ወደ 154 በ87 አወረደ። ልዩነቱ ሲታይ አሥር ቁጥር ብቻ ነው። ሆኖም ግፊታቸው ይበልጥ የወረደላቸው ሰዎች የሬቲናቸው ሕመም የመባባሱ ዕድል በ34 ከመቶ፣ የማየት ኀይላቸው በብዙ የመቀነሱ ዕድል ደግሞ በ47 ከመቶ አነሰ። እኛ ይህን ቁጥር ካነበብን በኋላ ለአጎታችን ከመንገራችን በፊት ሁለት ጊዜ አስበናል፤ የተዉትን ክኒን እያነሡ መውቀስ ምን ይጠቅማል ብለን ነው።

ነገር ግን በፈረንጅ ሀገር ሽማግሌዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳውር ሌላ በሽታ አለ፤ ይኸውም የማኩላ እርጅና ነው። ማኩላ የሬቲና መካከለኛ ቦታ ነው። ፊደል የምናነበው፣ የሰው ፊት የምንለየው፣ መርፌ የምንሰካው በእርሱ ነው። የዚህ ቦታ አሠራር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከመካከሉ ላይ የብርሃን መንገድ እንዳይጋረድ ሲባል አንድም የደም ሥር አያልፍበትም። ታዲያ ከምን ይመገባል? ከሬቲናው በስተ ጀርባ ኮሮይድ የሚባል፣ የደም ሥር ብቻ ተሸምኖ የተሠራ የሚመስል ምንጣፍ አለ። በክብደቱ ልክ ሲመዘን፣ በሰው አካል ውስጥ እንደ ኮሮይድ ብዙ ደም የሚያልፍበት ቦታ ጥቂት ነው። ወደ ዓይን ከሚገባውም ደም ውስጥ አብዛኛውን የሚወስደው እርሱ ነው። ብርሃንን የሚቀበሉት ሕዋሳት ኦክሲጂን በብዛት የሚፈጁ በመሆናቸው ይህ ሁሉ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ በጣም አጥርተን የምናይበት ቦታ የራሱ ምንጭ የሌለው፣ ከጎረቤት በሚመጣ ውሃ ብቻ የሚኖር ደጅ ነው ማለት ይቻላል።

በምንጩና በደጁ መካከል ደግሞ ብሩክ በተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስም የሚጠራ ስስ ሽፋን አለ፤ ምግቡ ሁሉ በእርሱ ተጣርቶ ያልፋል። ዕድሜ ሲጨምር ይህ ሽፋን ይወፍራል፤ ኮሌስትሮል ያለበት ስብም ይጠራቀምበታል። ከኮሮይድም ቀጫጭን ሥሮች አንዳንዶቹ እየጠፉ ይሄዳሉ። የሕዋሳቱ ጥራጊ መውጫ ሲያጣ በሽፋኑ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ትናንሽ ቢጫ ነጥቦች ሆኖ ይታያል። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በብዙዎች ላይ በሽታው በዚሁ መልኩ በዝግታ እየገፋ፣ ሕዋሳቱ በቁራሽ በቁራሽ ይሞታሉ፤ ይህ ደረቁ ዓይነት ይባላል። በሌሎች ላይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የተራበው ቦታ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልለት ምልክት ይልካል፤ አዲሶቹ ሥሮችም ከኮሮይድ ተነሥተው ሽፋኑን በስተው ይገባሉ። ሥሮቹ ግን ያልበሰሉና የሚያንጠባጥቡ ስለ ሆኑ ሊያድኑት የመጡትን ቦታ በደምና በውሃ ያጥለቀልቁታል። እርጥቡ ዓይነት ይህ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ የማንበብን ኀይል ሊወስድ ይችላል።

አንባቢ እዚህ ላይ «እንግዲያው የማኩላ እርጅና የደም ሥር እርጅና ነው» ብሎ እንዳይደመድም እንለምናለን፤ እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ደምድመን ነበር። መጀመሪያ የሚታመሙት የኮሮይድ ሥሮች ናቸው ወይስ ሕዋሳቱ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። በ2005 ደግሞ ከወላጅ የሚወረስ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚመለከት ዘር በዚህ በሽታ ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ታውቋል። የደም ግፊትስ? ስለ ማኩላ የተደረጉት ጥናቶች በግፊት ላይ አንድ ቃል አልሆኑም፤ አንዳንዶቹ ግንኙነት አገኙ፤ ሌሎቹ አላገኙም። ሁሉም የተስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ትምባሆ ነው። ሰው በገዛ እጁ ሊያስወግደው ከሚችለው ሁሉ ማኩላን የበለጠ የሚጎዳ ማጨስ ነው፤ ትምባሆ በልብና በአንጎል የደም ሥር ላይ የሚያደርገውን ደግሞ የማያውቅ የለም።

ይህ ዕውቀት ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዷ ቢቨር ዳም የምትባል፣ በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከ1988 ጀምሮ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ43 ዓመት በላይ የሆነውን ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎቿን ዓይን ፎቶግራፍ እያነሡ ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ምርመራ፣ የበሽታው የመጨረሻ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ከሺህ አንድ ሲሆን፣ ከ75 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ ግን ከመቶ ሰባት ሆኖ ተገኘ። ዕድሜ ጌታ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ከ75 ዓመት በላይ ከሆኑት ከመቶው 93ቱ ይህ አልደረሰባቸውም፤ «እርጅና ነው» የሚለው መልስ ሙሉ መልስ ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

ስለ ቪታሚን ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል፤ በየመድኃኒት ቤቱ «ለዓይን» እየተባለ ሲሸጥ እናያለንና። በአሜሪካ በ2001 ውጤቱ የታወቀ ጥናት፣ ቪታሚን ሲ እና ኢ፣ ዚንክና ሌሎችም የተቀላቀሉበት ክኒን በሽታው መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰባቸውን ሰዎች ወደ ከባዱ ደረጃ የመሄድ ዕድላቸውን ሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሉቲን የሚባለው በጎመን ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ቀለም በ2013 ተጨመረበት። ይህ ለነዚያ ሰዎች ብቻ ነው። ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ክኒኑን ቢውጥ በሽታው እንዳይጀምረው ያደርገዋል የሚል ማስረጃ አልተገኘም፤ ስለዚህ ጤነኛው ሰው ገንዘቡን ለጎመኑ ቢያወጣ ሳይሻል አይቀርም።

መርፌው

ሐኪሟ ለአጎታችን የግፊት ክኒን ከጻፈች በኋላ ለዓይናቸው መርፌ እንደሚያስፈልጋቸው ነገረቻቸው።

«በክንዴ ነው?»

«በዓይንዎ ውስጥ ነው፣ አባቴ።»

አጎታችን በሕይወታቸው ሚስማር ያልወጋው ጣት የላቸውም፤ ይህን ሲሰሙ ግን ተነሥተው ባርኔጣቸውን አነሡ። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ወንበሩን አስጠግታ ዓይን በጠብታ እንደሚደነዝዝ፣ መርፌው እንደ ፀጉር ቀጭን እንደ ሆነ፣ ሥራውም ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ መሆኑን አስረዳቻቸው። ባርኔጣቸውን መልሰው አስቀመጡት።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ረጅም ነው፤ አጭሩን እንንገር። በ1948 አይዛክ ማይክልሰን የተባለው የዓይን ሊቅ፣ ደም ያነሰው ሬቲና አዲስ ሥር የሚጠራበት አንድ የማይታወቅ ንጥረ ነገር መኖር አለበት ሲል ገመተ። በ1971 ደግሞ የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን፣ ካንሰር የሚያድገው አዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ እየጠራ ስለ ሆነ፣ ጥሪውን ማቋረጥ ቢቻል ካንሰሩን መግታት ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ለብዙ ጊዜም የሚያምነው አላገኘም። በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራ የተባለው ኢጣሊያዊ ተመራማሪ በካሊፎርኒያ ያንን የሚጣራ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣው። እርሱን የሚያግድ መድኃኒት በ2004 በአሜሪካ ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። በሚቀጥለው ዓመት የማያሚው የዓይን ሐኪም ፊሊፕ ሮዘንፌልድ፣ ከዚሁ የካንሰር መድኃኒት ጥቂት ጠብታ ወስዶ በታመመ ዓይን ውስጥ ወጋ፤ እብጠቱም ጎደለ። ለዓይን ተብሎ የተሠራው ወንድሙ በ2006 ቢፈቀድም ዋጋው እጅግ ውድ ነበር። የካንሰሩ መድኃኒት ግን አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዓይን ስለሚከፋፈል ርካሽ ነው። በ2011 ሁለቱ ሲወዳደሩ የማየት ኀይልን በመመለስ ረገድ እኩል ሆነው ተገኙ። ድሀ ሀገሮች የዚህ ሕክምና ተካፋይ ለመሆን የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። መርፌው የማኩላን እርጥቡን ዓይነት፣ የስኳርን፣ እንደ አጎታችን ያለውንም የደም ሥር መዘጋት ያክማል፤ በሦስቱም ላይ የሚጣራው ንጥረ ነገር አንድ ነውና። የሞተውን ሕዋስ ግን አያስነሣም። ስለዚህ ጊዜ ዋጋ አለው።

ጊዜን ካነሣን ዘንድ፣ «እስኪበስል ይጠበቅ» ስላሉት ጎረቤታችን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እኒህ ሰው ሐሰት አልተናገሩም፤ ያሉት በቀድሞ ዘመን ሲሠራበት የነበረውን ነው። በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሹን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር፤ ትራኮማ 11.5 ከመቶ፣ የማኩላ ሕመም ደግሞ 4.8 ከመቶ ድርሻ ነበራቸው። ሞራ የሚይዘው የዓይንን ሌንስ ነው፤ በሌንስ ውስጥ አንድም የደም ሥር የለም፤ ዘግይቶም ቢሆን በቀዶ ሕክምና ይወጣና ብርሃን ይመለሳል። በዚህም ምክንያት ሕዝባችን የዓይንን ድካም ሁሉ ሞራ ነው ብሎ መጠበቅን ለመደ። ሬቲና ግን መጠበቅን አያውቅም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ዓይኑ የጠራ ነው፣ አይቀላም፣ አያምም፣ ነጭ ነገር አይታይበትም፤ ከውስጥ ግን እየሞተ ሊሆን ይችላል። ሞራውን ከዚህ ለመለየት ጠብታ ጨምሮ ወደ ውስጥ ማየት ያስፈልጋል፤ መነጽር ሻጭ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል አንድ ቀላል ነገር ግን አለ። ማርክ አምስለር የሚባለው የስዊስ የዓይን ሐኪም በ1940ዎቹ ያሰራጨው ዘዴ ሲሆን፣ በካሬ የተሰመረ ወረቀት መካከል ነጥብ አድርጎ፣ የማንበቢያ መነጽርን ሳያወልቁ፣ አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው ነጥቡን ትኩር ብሎ መመልከት ነው። መስመሮቹ ከጎበጡ ወይም የጠፋ ካሬ ካለ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። እኛ ለአጎታችን ከእኅታችን ልጅ የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ ቀድደን በሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጠፍንላቸው።

እስካሁን ሦስት መርፌ ተወግተዋል። ሐኪሟ በየጊዜው የምታነሣው ሥዕል እብጠቱ እየጎደለ መሄዱን ያሳያል፤ ደሙም በመጠኑ ተጠርጓል። ከወረቀቱ ላይ ግን ከነጥቡ በታች ያሉት ሁለት መስመሮች ዛሬም ቀጥ አላሉላቸውም፤ ይቀኑ እንደ ሆነ ሐኪሟ ቃል አልገባችም። ግፊታቸው ባለፈው ሳምንት 138 በ84 ነበር። ክኒኑን የሚያስቀምጡት ከቡናው ስኒ አጠገብ ሲሆን፣ ባለቤታቸው ወይዘሮዋ ሳይውጡት ቡና አይቀዱላቸውም። በዚህ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የተሸነፉት አጎታችን ናቸው። እርሳቸውም በተራቸው ወይዘሮዋን ወስደው አስለኩአቸው፤ 162 በ96 ሆነ። እርሳቸውንም ምንም የሚያማቸው ነገር አልነበረም።

ተለማማጁን ልጅ በዚያ ሳንቃ ምክንያት ይቅርታ መጠየቃቸውን አልሰማንም፤ የሀገራችን አናጢ ተለማማጁን ይቅርታ ሲጠይቅም አይተን አናውቅም። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ በሥራ ቤታቸው በኩል ስናልፍ ሳንቃ አንሥተው በቀኝ ዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ ወደ ግራው አዛውረው ጥቂት ቆዩና ሳንቃውን ለልጁ አቀበሉት።

«እስቲ አንተ እየው፤» አሉት። «ቀጥ ብሏል?»